የመለኪያው ቡጢ

ለዞብል ድንጋያማ መንገድ ተለቅ ያለ ጎማ የተገጠመለት ላንድክሩዘር መሪው እስከ ጥግ እንደተጠመዘዘ ቆሟል። ጎሚስታው አባቷ "ነይ እስቲ በቡጢሽ ለኪልኝ" ሲል ትልቋ ልጁ እጇን ጨብጣ ብድግ አለች። እሱ ግን የጠራው የእንጀራ እናቷን ልጅ፣ ትንሿን ነበር።

"አንቺማ አድገሻል" አላት፣ ዞር ብሎም ሳያያት።

በጎማውና ከላዩ ባለው ቆርቆሮ፣ በፓራፋንጎው መሃል ቡጢ ካለፈ ጎማው አይነካም፤ የአባቷ ሜትር ይሄ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ደግሞ ቡጢው የእሷ ነበር። የትንሿ ቡጢ ሎሚ አያክልም፤ ሹልክ ብሎ አለፈ። "ጎበዝ፣ የኔ ሜትር!" አለና ራሷን ዳበሳት። የእሷን ስም እንኳ ለትንሿ ሰጠባት! ይቺ እኮ የአይጥ ጉድጓድም ትገባለች ልትል አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ጎማው ይንካ!

ሹፌሩ ሊሞክረው አስነስቶ መኪናው ከአስፋልቱ ጠርዝ ዘጭ ሲል ጎማው ፓራፋንጎውን ክርርር አድርጎ ፋቀው። ትንሿ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። አባቷ ቀስ ብሎ ወደ ትልቋ ዞረ። እሷም ሄዳ ቡጢዋን ከተተች፤ የጣቶቿ አንጓ ላይ ተቀረቀረ።

"አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ጎማ አምጣ፣ አባ።"

"እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"አድገሻል አልከኝ እኮ። ያደገ ሰው ካልጠየቁት አይናገርም።"