የአቶ ኤርጃቦ አውራ ዶሮ

መዘምራኑ እንደሚሉት፣ አቶ ኤርጃቦ እሁድ በቅዳሴው መባ ሲቀርብ አውራ ዶሯቸውን ታቅፈው፣ በከበሮው ምት እስከ መሠዊያው ድረስ ሲጨፍሩ ታይተዋል። እሳቸው እንደሚሉት ግን፣ ዶሮው ሊያመልጥ ሲፈራገጥ ታገሉት እንጂ አንዲት እርምጃ እንኳ አልጨፈሩም።

የካቶሊክ ቁምስናው አስተዳዳሪ ካህን፣ ቆሞሱ፣ ያን እሁድ ቅዳሴውን ለረዳታቸው ትተው ሌላ መንደር ስለቀደሱ በዓይናቸው አላዩም። ነገሩ ደግሞ ቀላል አልነበረም። «በቅዳሴ ጭፈራ ይቅር» ብለው ለቁምስናው ምክር ቤት ያመለከቱት እኚሁ አቶ ኤርጃቦ ናቸው፤ የሚወሰነውም ዛሬ በቁምስናው አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ ነው። ከተከለከለ ወጣቶቹ ከበሮውን አስረክበው ሊወጡ ቆርጠዋል።

«ጭፈራ ለሠርግ ነው፣ አባ» አሉ አቶ ኤርጃቦ።

«ቅዳሴስ ሠርግ አይደል እንዴ?» አለች የመዘምራኑ መሪ። «ደግሞ አባባ፣ ትከሻዎ የሠራውን እኮ እኛም አንችለውም!»

«ዶሮው ነው አልኩሽ! እንደ ሰይጣን ሲዘል አላየሽም?»

ሳቁ ሳይበርድ የአቶ ኤርጃቦ ባለቤት ከኋላ ተነሡ።

«ዶሮውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ ረጋ ብለው። «እግሩን በቃጫ ጠፍሬ፣ ክንፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የሰጠኋቸው። ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ወጥ ቤት ሳስረክበውም እንደታሰረ ነበር።»

ቆሞሱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አቶ ኤርጃቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው አገላበጡት፤ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እንግዲያው ከበሮው ይቆይ! ለመስቀል በዓል መባ የማቀርበው ሙክት በግ ነው። እግሩን ግን ማንም እንዳያስርብኝ!»