የገንዳው ጨው

ዘይነብ የተቀጠረችው ኖርዝ ዮርክ ነው፤ ሥራዋ ግን ከባሕር ወለል በታች ነው። ባሕሩ ደግሞ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ይርቃል። የምትፈልገው ክብሪት ቢጭሩበት የሚነድ፣ ሚቴን ጋዝ ያቆረ በረዶ ነው። መርከብ ወደ ወለሉ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ኤሌክትሪኩ አላልፍም ያለበት ቦታ ተስፋ አለ። እናቷ ይህን ስትሰማ፣ «ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?» ብላለች።

ምልክቱን የሚያዳምጡት ኤሌክትሮዶች ቅንጡዎች ናቸው፤ የጨው ውሃ ውስጥ ካልተዘፈዘፉ ይበላሻሉ። ስለዚህ መስኮቱ ሥር፣ ሂተር ቅጠላቸውን አቃጠለ ከሚባሉት አበቦች አጠገብ፣ የጨው ውሃ የሞላው ገንዳ ተቀምጧል።

የገንዳው ጨው ግን በየቀኑ ይቀንሳል። ማታ ትጨምራለች፤ ጠዋት ስትለካው ቀጥኗል። ኤሌክትሮዶቹም መቀባጠር ጀመሩ። መርከቡ ዓርብ ይነሣል። ከዚያ በፊት የሚደረግላቸውን ፈተና ካላለፉ የሦስት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ፤ የመርከብ ቦታዋንም ባልደረባዋ ሊዮ ይወስደዋል።

ሊዮ በገንዳው በኩል ባለፈ ቁጥር ያፏጫል። የሚያፏጭ ሰው ንጹሕ ሊሆን አይችልም፤ ዘይነብ እንዲህ ፈርዳለች።

ከሰው ሁሉ ቀድመው የሚገቡት ጽዳት ሠራተኛው ጋሽ ተክሉ ናቸው።

«ጋሽ ተክሉ፣ ሊዮን ዎች ያድርጉልኝ። ገንዳዬን ሜስ አፕ እያደረገ ነው።»

«በኔ ይሁንብሽ ልጄ። ዝንብ አታርፍበትም።»

ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቁላት።

«ከኔ በቀር የደረሰበት የለም» አሏት።

«እርስዎ ሲወጡ ጠብቆ ነዋ!» አለች። ጨው ግን ቀነሰ።

ሐሙስ ኤሌክትሮዶቹ ፈተናውን ወደቁ። ዘይነብ አለቃዋ ፊት ቆማ ሊዮን በስሙ ከሰሰች። አለቃውም ለባለመርከቦቹ የሚሰጠው ጥፋተኛ ቸግሮት ነበርና አላመነታም። ሊዮ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። ያን ቀን አላፏጨም።

ዓርብ ጠዋት መርከቡ ያለ ዘይነብ ሄደ። እሷም ገንዳው አጠገብ አቀርቅራ አለቀሰች፤ ቢያንስ ሌባው ተባሯል እያለች ራሷን አጽናናች። ጋሽ ተክሉ ባዶ ጆጋቸውን እንደያዙ ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት፤ ከዚያ የጠወለጉትን አበቦች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እነዚህንስ ምን እንደነካብኝ እንጃ ልጄ፤ ያደረ ውሃ ይስማማቸዋል ብዬ በየማለዳው ከገንዳሽ እየቀዳሁ ነው የማጠጣቸው፤ ነውር ነውና መልሼ በቧንቧ ውሃ ጢም አድርጌ ሳልሞላልሽ ሄጄ አላውቅም።»