አብሮ መፈረም

«አይሆንም፣ የኔ ማር» ትላታለች የግብር ሂሳብ ሠራተኛዋ ሎሬታ ልጄን ኮሪንን። «አምና የጡረታ ቁጠባሽ ውስጥ ያስገባሽው ገንዘብ ለአንቺ አይፈቀድም።»

እኔ ቆሜያለሁ፤ የመኪናዬን ቁልፍ ጨብጫለሁ። ይህች የግብር ቢሮ በሚያዝያ፣ በግብር ማሳወቂያው ሰሞን፣ ትርፍ መቀመጫ የላትም። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት ሁሉ የሰሙን ይመስለኛል።

«እንዴት? የሰው ጥርስ እያጸዳች የምትተዳደር ልጅ እኮ ናት! ሚሊየነር መሰለችሽ?»

«ባልና ሚስት አንድ ቤት እየኖሩ ግብራቸውን ለየብቻ ካሳወቁ የገቢ ጣሪያቸው አሥር ሺህ ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ያገኘ ምንም አያስገባም። አንድ ላይ ካሳወቁ ግን ጣሪያው ሩቅ ነው። ለየብቻ ይሁን ያለው ማነው?»

ኮሪን ወደ እኔ አትዞርም። ብትገላምጠኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ነኝ ያልኩት። ባሏ ዌንደል ኮንክሪት አፍሳሽ ነው፤ ገሚሱ ደንበኛ በጥሬ ገንዘብ ይከፍለዋል። አብራው ከፈረመች የእሱ ጥፋት የእሷም ዕዳ ነው። እኔ ከአባቷ ጋር አብሬ ፈርሜ ነው ቤታችን በእሱ የግብር ዕዳ የሄደው።

«ዌንደል ጋራዥ ውስጥ ቢያድርስ?» እላለሁ።

«እማ!»

«ጋራዡም ቤታቸው ነው» ትስቃለች ሎሬታ። «ወይ ገንዘቡን አውጪው፣ ካላወጣሽ በየዓመቱ ቅጣት አለው። ወይ ከባልሽ ጋር ፈርሚ። የሱም ሂሳብ እኔው ጋ ነው።»

ኮሪን ስልኳን አንስታ ባሏን ትጠራለች። ውጭ ፒክአፕ መኪናው ውስጥ እንዲጠብቅ ያደረግኩት ዌንደል፣ ሲሚንቶ የደረቀበት ቦት ጫማውን እየጎተተ ይገባል።

«ዌን፣ የደበቅከኝ ገቢ አለ?» ትለዋለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቆቡን አውልቆ እኔን ያየኛል። «የእናትሽ ጥያቄ ነው?»

«የራሴ ነው።»

«የለም።»

ሎሬታ አዲሱን የጋራ ቅጽ አትማ ታቀርባለች። ኮሪን ትፈርምና እስክሪብቶውን ታቀብለዋለች። አሁን ጫር አድርጎ ይወጣል፣ እላለሁ በሆዴ።

እሱ ግን እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግና ኮሪን የተነሳችበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከመጀመሪያው ገጽ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ያነባል።

«ይቺኛዋ ምንድን ናት?»

ሎሬታ ታስረዳዋለች። ይገልጣል። እንደገና ይጠይቃል።

ምን እየፈለገ ነው? አባቷ አንድ መስመር ሳያነብ ነበር የፈረመው። እኔም።

ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ እከትና ከዌንደል ጎን ጎንበስ ብዬ አብሬው አነባለሁ።