ቀዩ በር

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ጎሚስታው ደግሞ የወጋውን ሰው ብቻ ሳይሆን ያን ዕለት ሰውዬው ያሰረውን ባለ ነጠብጣብ ከረባት ሳይቀር ያስታውሳል። ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ በአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ለሻይ ሊነሱ ሲሉ። የማኅበሩ መጽሔት አዘጋጅ ከመጽሔቱ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። አንዱ ስለ ክሮም ቅብ፣ ሌላው ስለ መለዋወጫ ሲያወራ ቆይቶ እሱም እጁን አወጣ። የሚነዳ መኪና አሳዩን፣ አለ፤ ዝናብ የሚመታው፣ ገበያ የሚመላለስ፣ እንደ እኔው ያለ። ሊቀመንበሩ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ከረባቱን እያስተካከለ መለሰለት።

"ቀይ በሩ ወንድሜ፣ መጽሔቱ የመኪና ነው እንጂ የቁርጥራጭ ብረት አይደለም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ስሙም እንደ መዥገር ተጣብቆበት ቀረ።

አረንጓዴ መኪናው አንድ ቀይ በር እንደነበረው አይካድም። ሚስቱ መንዳት ስትማር ከአጥራቸው ምሰሶ ጋር ተላትማ የቀኙን በር እንደ ወረቀት አጨማደደችው፤ እሱም ከሞተ መኪና ላይ ቀይ በር ነቅሎ ገጠመበት። "የእኔ በር" ትለው ነበር። ሰው ሲጠይቃት እየሳቀች፣ ምሰሶው ነው መጥቶ የገጨኝ ትላለች።

ዛሬ እሑድ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና ባባራበት የማኅበሩ ግቢ ውስጥ፣ ያ መኪና እንደ መስተዋት ያበራል። እየፋቀ፣ ስቱኮ እየደፈነ፣ እየቀባ ዓመት ፈጅቶበታል። ሚስቱ የእኔን በር ተወው ብላው ነበር፤ አልሰማትም። አዘጋጇ ደውላ መኪናዎን የፊት ሽፋን ላይ ላወጣው ነው ስትለው፣ ስለ አዲሱ ቀለም ትንፍሽ አላለም። የሳቁበት ሁሉ አፋቸውን ከፍተው እንዲቀሩ ፈልጎ ነው። ጎማ በሚጠግንበት ቤት ግድግዳ ላይ ለሽፋኑ መስቀያ የሚሆን ምስማር መትቷል።

አዘጋጇ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መኪናውን ዞረችው። በቀኝ በኩል ስትደርስ ቆመች።

"ቀዩ በርስ?"

"ቀባሁት" አላት ደረቱን ነፍቶ።

ፊቷ ክው አለ። አንባቢው በሚያብለጨልጭ መኪና ተሰላችቷል፣ አለችው፤ የትም ብትሄድ የሚነዳውን አሳዩን ነው የሚሏት፤ ያንን በር አስታውሳ የደወለችለትም ለዚሁ ነበር። ከኋላዋ የቆመው የጥርስ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

"እኔስ ሁልጊዜ የምለው ይህንኑ አይደል?" አለ። ከዚያ ወደ ጎሚስታው ዞረ። "አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? ታሪክ እኮ ነው በስቱኮ የደፈንከው።"

ለጎሚስታው የገዛ ቃሉ ከሰውዬው አፍ ሲወጣ መስማት፣ የተሰረቀ ኮትን በሌባው ትከሻ ላይ እንደማየት ሆነበት። ኮቱም ደግሞ ልክክ ብሎለታል።

የጥርስ ሐኪሙ ዘዴ አላጣም። በሩ ላይ ቀይ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ይለጠፋል፣ ፓራፋንጎው ላይ ትንሽ ጭቃ ይረጫል፣ በፎቶ ማን ያውቃል፣ አለ። የዘበኛውን ባልዲ ተቀብሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ግቢው በር ላይ ካቆረው ውሃ ሥር ጭቃ መዛቅ ጀመረ። የጎሚስታው ሚስት ለፎቶው ፀጉሯን ተሠርታ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፤ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

"ዶክተር፣ የሚቀቡት እርስዎ ከሆኑ የሚያጥበውስ ማን ነው?"

አዘጋጇ ሳቀች። ሐኪሙ ጭቃውን መዛቁን ቀጠለ።

"እርስዎ ይንገሩኝ" አለችው አዘጋጇ ወደ ጎሚስታው ቀረብ ብላ። "ምንድን ነው የሚፈልጉት? እንዳሉኝ አደርጋለሁ።"

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጎማ በለጠፈ ቁጥር፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲያሰናዳ ኖሯል። አሁን ግን ንግግርም አያስፈልግም፤ በእሺታ ራሱን ቢነቀንቅ ሽፋኑ የእሱ ነው። ምስማሩ ታየው። ሐኪሙ ጭቃ የሚያንጠባጥብ ባልዲ ይዞ መጣ።

"ቀይ በሩ፣ እስቲ ፈቀቅ በልልኝ። ፎቶው ውስጥ እንዳትገባ።"

ፈቀቅ አለ። በመኪናው ፊት በኩል ዞረ፣ በሩን ከፈተ፣ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ሞተሩ ባንዴ ተነሣ። አዘጋጇ ካሜራዋን ዝቅ አደረገች፤ ሐኪሙ ምን ሆንክ፣ ወዴት ነው፣ እያለ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ቀረ።

ከግቢው በር በስተቀኝ ያለው አስፋልት ነው። በስተግራ ያለው ለቧንቧ ተቆፍሮ ጭቃ ብቻ የሆነ መንገድ ነው። መሪውን ወደ ግራ አዞረ። በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ጭቃው ከሥራቸው ተነሥቶ አዲሱን ቀለም እስከ መስኮቱ አለበሰው።

ሚስቱ አሁን መስኮቱን እስከ ታች አወረደች፣ ከቦርሳዋ የቤታቸውን ቁልፍ አወጣች፣ ክንዷንም ወደ ውጭ ዘርግታ የበሩን ጠርዝ ትፍቅ ጀመር። አረንጓዴው ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ረገፈ። ጥፍር የምታህል ቀይ ብቅ አለች።

ቀና ብላ አየችው። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም፤ እጇ እንዳይናወጥ ብቻ ማርሹን ቀነሰ።