አምስት ሴንቲ

ጡረታ የወጣው የሂሳብ መምህር ለትንሿ መኪናው ትልቅ ሞተር ሊያስገባላት ወሰነ። ምክንያቱ ዳገቱ ነበር። እሑድ እሑድ ከሚስቱ ጋር አማቱን ሊጠይቅ ሲወጣ፣ የሚስቱ ወንድም በፒክ አፑ ከኋላ ይደርስበትና መታጠፊያው ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈዋል። አንድ ቀንማ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ልግፋልህ?» አለው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ጎማ እንኳ ቀይሮ የማያውቅ ሰው በስልሳ አራት ዓመቱ ስለ ፈረስ ጉልበት ያስተምር ጀመር። የምግብ ጠረጴዛው በሥዕልና በስሌት ተሞላ። ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ትሰማዋለች።

«ያቺ መኪና ጉልበት ብትጨምርላት ፍሬኗ ያው ፍሬን ነው» አለችው።

«ፍሬን ለፈሪ ነው።»

«እውነትህን ነው። ጀግናን የሚያቆመው ግድግዳ ነው።»

«አንቺ ስለ መርፌ አውሪ።»

«ስለ መርፌማ ነው የማወራው። የራሴን ከል አልሰፋም።»

ሳቀባት።

ጎረቤታቸው መካኒክ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምህሩ ጋር ዳማ ይጫወታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል፤ ሆን ብሎም ሊሆን ይችላል። «አይሆንም» የሚለውን ቃል ግን አምላክ ሳይሰጠው ነው የፈጠረው።

«ይገባል ጋሼ፣ ምን ችግር አለው! ፍሬኑን ኋላ እናየዋለን» አለ።

ሚስትየው «ኋላ» የሚለውን ስትሰማ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ ቦታውን በብረት ሜትሩ ሊለካ ሲል መምህሩ ተቆጣ። «መለካት ሳስተምር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። አንተ ሞተሩን ለክተህ ቁጥሩን አምጣ፤ ቦታውን ለኔ ተወው።»

በማግስቱ ሚስቱን ጠራት። አንገቷ ላይ አዲስ ቢጫ ሜትር አንጠልጥላ ነበር፤ ለእሱ ያመጣችለት ግን ነጩን፣ አሮጌውን ነው። «አዲሱን ዘይት አታስነካብኝ» አለች። ጫፉን በአውራ ጣቷ ከብረቱ ጋር አጣብቃ ያዘችለት፤ እሱ በወዲያኛው በኩል መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ። ስልሳ። ሦስቴ ለካ፤ ሦስቴም ስልሳ።

«አንዴ የሚለካ መካኒክ ነው፤ ሦስቴ የሚለካ መምህር» አለ።

መካኒኩ ያረጁ መኪኖች ከሚፈቱበት ግቢ ሞተሩን አገኘ። ሃምሳ ስምንት ነው አለ። መምህሩ ቀንሶ፣ ሁለት ሴንቲ ለአየር እንደሚተርፍ ወረቀት ላይ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

ሞተሩ በመጣ ዕለት የሚስትየው ወንድም ሊስቅ ማለዳ ደረሰ። ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥለው ቀስ አድርገው አወረዱት። ተቀረቀረ። ገፉት፤ አዘነበሉት፤ መምህሩ በእርግጫ ረዳው። ሁለት ጣት ያህል አልገባም አለ።

«ሜትሩን አምጪ!» ብሎ ጮኸ መምህሩ።

ነጩን ሜትር ይዛ መጣች። እሷ ጫፉን ያዘች፤ እሱ አነበበ። ቦታው ስልሳ። ወደ ሞተሩ ዞሩ። እሷ ያዘች፤ እሱ አነበበ።

«ስልሳ ሦስት! ሃምሳ ስምንት አላልከኝም?»

«ሃምሳ ስምንት ነው ጋሼ፣ እናቴ ትሙት!» መካኒኩ የብረት ሜትሩን አውጥቶ ሞተሩ ላይ ዘረጋው። «ይኸው ይዩት!»

መምህሩ ሳያየው ነጥቆ በአጥሩ ላይ ወረወረው። «የሚስቴ ሜትር ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ሲለካ አንድ ቀሚስ ጠቦ አያውቅም! ያንተው ሜትር እንዳንተው ነው። ሌላ ሞተር ነው ያመጣህልኝ። አምስት ሴንቲ ይዋሻል?»

«አምስት ሴንቲ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ የሚስትየው ወንድም።

መካኒኩ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሯቸው።»

እሷ ሜትሩን በጣቶቿ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። «እኔ ስለ መርፌ ነው የማውቀው» አለች።

ስሙ በዚያው ቀረ። መንደሩ በሙሉ መካኒኩን «አምስት ሴንቲ» አለው። ደንበኞቹ የሠራውን ሁሉ ከኋላው እየተከተሉ ይለኩ ጀመር፤ በኋላም መለካቱ ሰልችቷቸው ቀሩ። እሱም የብስክሌት ጎማ ወደ መለጠፍ ወረደ። ዳማው ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ሞተሩ ውስጥ ድመት ወለደችበት።

ትንሿ መኪና በዱሮ ሞተሯ እያቃሰተች አሥራ አንድ ዓመት ዳገቱን ወጣች። በአራተኛው ዓመት የሚስትየውን ወንድም ያው መታጠፊያ ላይ ግድግዳ አቆመው፤ ከዚያ ወዲህ በእግሩም ማንንም አይቀድም። መምህሩ ሊጠይቀው ሲሄድ እንኳ ስለ ሞተሩ ነበር ያወራው።

መምህሩ በሰባ አምስት ዓመቱ አልጋው ላይ ሞተ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ዳማውን አውርዶ አቧራውን ጠርጎ ጠጠሮቹን ደርድሮ ነበር። ወዲያ ማዶ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። «ውሸታም ቢሆንም ጨዋታ ይችል ነበር» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ከሏን ራሷ ሰፋች።

በሦስተኛው ቀን መካኒኩ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከኋላ ወንበር አንዱ «አምስት ሴንቲ መጣ» ብሎ ሲያንሾካሽክ ሰማው፤ እንዳልሰማ ሆኖ ፊቷ ቆመ።

«እትዬ፣ ያጽናዎት። እኔ እንኳ እውነቴን ነበር። ሳያምኑኝ ሄዱ።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ የአዝራር ጣሳዋን ከፈተች፤ ከሥሩ ፈልጋ በመቀስ የተቆረጠ የነጭ ሜትር ጫፍ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ ከአንድ እስከ አምስት።