የዓሣዎቹ ውሃ

መርቪንን ሆዱን ማመም የጀመረው ኮራልን ባገባ በሁለተኛው ወር ነው። ሙንዳላ ሁሉም ሰው ሁሉን የሚያውቅባት ትንሽ ከተማ ናትና፣ ወሩን ያልቆጠረ አልነበረም።

ኮራል ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ባሏን በሆድ ሕመም ቀብራ ከወንዝ ማዶ የመጣች ሴት ናት። መርቪን በሠርጉ ዕለት ሰባ ሊሞላው አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንዲት ልጅ አለችው፤ ጃኒን ትባላለች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ዓለም የቀራት እሱ ብቻ ነው። ለእንጀራ እናቷ ቆማ አጨበጨበች፤ ኬኩን ግን አልቀመሰችም።

ጃኒን ለልደቱ ያመጣችው ስጦታ የዓሣዎቹ ነበር ማለት ይቻላል። መርቪን ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ሰባት ዓሣዎች ያኖራል፤ እንደ ሳህን ክብና ጠፍጣፋ፣ ውሃው ትንሽ ካልተስማማቸው የሚጠቁሩ ቅምጥሎች። የሙንዳላ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ጨዋማ ነው፤ ከድሮው የወርቅ ማውጫ መርዝ ሰርጎበታልና በሰው አፍ አይገባም። መኪና ይታጠብበታል፣ አበባ ይጠጣዋል። ሰው የሚጠጣው ከጣሪያው ወደ ሮቶ የሚወርደውን ዝናብ ነው።

ስጦታው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሉት ማጣሪያ ነው። የጉድጓዱን ውሃ በስስ ወንፊት አስጨንቆ ያሳልፈዋል፤ ንጹሑ በአንዱ ቱቦ ወደ ዓሣዎቹ ይሄዳል፣ ጨውና መርዙን የተሸከመው በሌላው ቱቦ ይወጣል። ጃኒን መመሪያውን ሳትገልጥ በአንድ ከሰዓት ራሷ ገጠመችው። እጀ ብርቱ ናት፤ ወረቀት አትወድም።

በሳምንቱ የዓሣዎቹ ቀለም ፈካ። መርቪን ግን ውሎ አድሮ ከሳ፣ ጠቆረ።

በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ሰባት ወር አንድ ጠብታ ስላልወረደ ጎረቤቱ ሁሉ ባዶ ሮቶውን እያንኳኳ የውሃ ቦቴ ይጠብቃል። የመርቪን ሮቶ አልጎደለም። ሰማይ በድብቅ ይወደኛል እያለ ይቀልድ ነበር፣ መቀለድ በቻለባቸው ቀናት።

ኮራል በቀን ስምንት ጊዜ ሻይ ታፈላለታለች። እሷ አትጠጣም፤ የእሷ መጠጥ የታሸገ የዝንጅብል ለስላሳ ነው። ጃኒን ይህን ያስተዋለችው አንድ እሑድ ነው፤ ካስተዋለችው በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻለችም። መርቪን ሻዩ ጨው ጨው አለኝ ሲል ኮራል ምላስህ አርጅቷል ብላ ሳቀችበት። በሚቀጥለው እሑድ ወንበር ተደግፎ ተነሣ። ከዚያ በሚቀጥለው አልተነሣም።

ሐኪሙ ከከተማ የመጣውን የምርመራ ውጤት ለጃኒን አሳያት። አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ነበር። ሰውነቱ ውስጥ የሚገባው ነገር ከቆመ ቀስ በቀስ እንደሚድን፣ ከቀጠለ ግን ገናን እንደማያይ ነገራት።

«የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው?» አላት።

«የዝናብ ነው። በዚያ ቤት የጉድጓድ ውሃ የሚደርሰው ለዓሣዎቹ ብቻ ነው፣ እሱም ተጣርቶ።»

ሐኪሙ ጻፈ። «ምግብና ሻያቸውን የሚያዘጋጀውስ ማነው?»

ጃኒን ይህን ጥያቄ ወራት ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። መልሱን ሰጠችውና ፈሳሽ በብዛት ይጠጡ የሚለውን ምክር ይዛ ወጣች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ፖሊስ እስኪመጣ አልታገሠችም። ከጓሮው መጋዘን ያገኘችውን የአይጥ መርዝ ቆርቆሮ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ኮራል ፊት አስቀመጠችው። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ክዳኑም ተከፍቶ የሚያውቅ አይመስልም። በዚያ ሰዓት ይህን ማን ያያል።

«እኔ ምን ዐውቄ» አለች ኮራል። «የአባትሽን መጋዘን ረግጬው አላውቅም።»

«ሻዩን ለምን አትጠጪውም?»

«ሆዴን ያመኛል። ከመጣሁ ጀምሮ አልተስማማኝም።»

«አንቺን የሚያምሽን ነው ለእሱ የምታጠጪው?»

ኮራል ወደ ባሏ ዞረች። መርቪን ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሁሉንም ሰምቷል።

«አንተም?» አለችው።

ዓይኑን ወደ ዓሣዎቹ አዞረ። ያስለቀሳት ከጃኒን ክስ ይልቅ ይህ ነው። ልብሷን በሁለት ሻንጣ ከትታ በከሰዓቱ አውቶቡስ ወደ እኅቷ ሄደች፤ ከጎረቤት የሸኛት የለም።

ጃኒን በዚያው ቀን ጓዟን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች። ሻይ ቅጠሉን፣ ስኳሩን፣ ወተቱን ደፋች፤ ድስትና ሲኒ ሳይቀር በፈላ ውሃ አጠበች። ደስ አላት፤ እናቷን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ ቅልል ብሏት አያውቅም። የሐኪሙን ምክር አስታውሳ በስምንቱ ሲኒ ፈንታ አሥራ ሁለት ልታጠጣው ወሰነች።

«ከአሁን በኋላ ከእኔ እጅ በቀር ምንም አትቀምስም፣ አባዬ» አለችው።

እጇን ይዞ አልለቅ አላት። «አንቺ ባትኖሪ ሞቼ ነበር።»

ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥላ ወደ ጓሮ ወጣችና ከሮቶው ቧንቧ እስከ አፉ ሞላችው። ልትመለስ ስትል ቀና ብላ አየች።

በዚህ ድርቅ ውሃ መድፋት ነውር ነው ብላ በልደቱ ዕለት በሮቶው አፍ ያስገባችው የማጣሪያው ሁለተኛ ቱቦ ሸርተት ብሎ ነበር፤ መልሳ ወደ ውስጥ ገፋችና በሽቦ አጥብቃ አሰረችው።