የማዶው ሪዛም

ባልና ሚስቱ ፀጉር ቤቱን ከገዙ አምስት ወር ሊሞላቸው ነው። እስካሁን አንድም ደንበኛ አልገባም።

ቤቱ ምን ጎደለው? ምንም። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር፣ ግድግዳ ሙሉ መስታወት፣ አዲስ ማሽን አለው። ባልየውም እጁ የታወቀ ነው፤ በአገሩ ሙሽራ ሁሉ «እሱ ካልቆረጠኝ» ይል ነበር። የዚህን አገር ቋንቋ ግን አያውቅም፣ ፊደሉንም አያነብም። ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክብ፣ በአስተርጓሚ በኩል ከበሩ ሰሌዳ ላይ አንዲት ቃል ብቻ አስጠንቶት ሄደ፤ «ክፍት» የምትለዋን።

ጠዋት ጠዋት ከመኝታ ቤታቸው በውስጥ ደረጃ ይወርዳል። መጋረጃውን ይገልጣል፣ የበሩን ቁልፍ ይከፍታል፣ የበሩ መስታወት ላይ የተንጠለጠለችውን ሰሌዳ ያዞራል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያቺኑ ቃል እያነበበ ይጠብቃል። ማታ መልሶ ያዞራታል። በር ላይ ቆሞ ሰው መጥራት አይሆንለትም፤ ኩሩ ነው።

ሰዎችማ ይመጣሉ። ደጃፉ ላይ ይደርሱና ቀና ብለው አይተው ይመለሳሉ።

የት ይሄዳሉ? ማዶ፣ ሪዛሙ ጋ። የሰው ፂም ሲላጭ ውሎ የራሱን ደረቱ ላይ ያንዘረፈፈ ፀጉር ቆራጭ! ቤቱ ሁሌ ጢም ብሎ ሞልቷል። ይሄ አልበቃው ብሎ፣ ባልና ሚስቱን ባየ ቁጥር እጁን ይዘረጋና መዳፉን ይገለብጣል፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች።

«እገለብጣችኋለሁ ማለቱ እኮ ነው!» አለች ሚስትየው።

«ተይው ባክሽ። ምን ያመጣል?»

አንድ ቀን ሪዛሙ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ ጣቱን በሩ ላይ ቀስሮ እየጮኸ ብዙ ተናገረ። ባልየው መጋረጃውን ዘጋበት።

ቆልፈው ወደ ላይ ከወጡ በኋላ ደግሞ የበሩን እጀታ የሚነቀንቅ አይጠፋም።

«ሰማህ? ሌባ እየላከብን ነው» ትላለች፣ ሆዷን ይዛ። እርጉዝ ናት።

የመኖሪያ ፈቃዳቸው የተንጠለጠለው በዚህችው ሱቅ ላይ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሥራ ላይ መሆኗ ካልተረጋገጠ፣ መሄድ ነው። አገር ቤት የነበረቻቸውን ጎጆ ሸጠው ስለመጡ መግቢያ የላቸውም።

ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ መጣ። ደጅ ቆሞ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ባልየው ፎጣውን አራግፎ እስኪነሳ ሄዷል።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ደብዳቤው ደረሰ። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ አነበበላቸው።

«ሱቁ ሥራ አልጀመረም ይላል። በአሥር ቀን ውስጥ አገሩን ልቀቁ ነው የሚለው።»

«እንዴት አልጀመረም? አንድ ቀን ሳልቀር!»

«ጎረቤትም ተጠይቋል ይላል።»

ሚስትየው በመስኮቱ ወደ ማዶ አየች። «እንደው ምን በደልነው?» አለችና አለቀሰች። ባልየው ደብዳቤውን አጣጠፈ። በማያውቀው ቋንቋ ለማን አቤት ይበል?

በአሥረኛውም ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ከፍቶ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ሻንጣዎቹ ወረዱ። መቀሶቹን በጨርቅ ጠቀለለ።

«በል ዝጋውና እንሂድ» አለችው።

ሰሌዳዋን አዞራት፤ ያቺ የለመዳት ቃል ወደ ውጭ ዞረች። እሱም ሻንጣውን ለማሰር ጎንበስ አለ።

በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ኮፍያቸውን ሰቅለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ሁለት ጎልማሶች ተከትለው ገብተው ተራ ያዙ።

ማዶ፣ ሪዛሙ መሀል መንገድ ወጥቶ ያጨበጭባል።